ብሩሆቹን ከዋክብት ሁሉ የምናይበት ሰማይ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጡረታ እስከምወጣ ድረስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎቼን «በሌሊት ሰማይ ከሁሉም አብልጦ የሚያበራው ኮከብ የትኛው ነው?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ብዙዎቹ «የሰሜን ኮከብ» ሲሉ፣ ሌሎቹ «አጥቢያ ኮከብ» ብለው ይመልሱልኝ ነበር። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ግን ቬነስ የተባለችው ፕላኔት ናት፤ የራሷ ብርሃን የላትም። የሰሜን ኮከብም በድምቀት ሃምሳኛው ደረጃ አካባቢ የሚገኝ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ተራራው ሊጋርደው ይችላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ፣ ጋዜጣችሁ በወር አንድ ጊዜ ስለ ሌሊቱ ሰማይ የሚነገርበት ጥቂት ቦታ እንዲሰጥ ለመጠየቅ ነው።

ከከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲርየስ ነው፤ ድምቀቱ የሰሜን ኮከብን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጣል። እርሱን ለማግኘት፣ ስሙ በመጽሐፈ ኢዮብ የተጠቀሰውን ኦሪዮን የተባለውን የከዋክብት ስብስብ ማወቅ ይበቃል፤ በኦሪዮን መካከል በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ከዋክብት ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተከተለ ዓይን ሲርየስ ላይ ያርፋል። የጥንት ግብጻውያን ይህ ኮከብ ሰባ ቀን ያህል ከዓይን ተሰውሮ ከቆየ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ከፀሐይ ቀድሞ ብቅ የሚልበትን ቀን በጉጉት ይጠብቁ ነበር፤ የዓባይ ሙላት የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነበርና። ያን ሙላት የሚልከው ደግሞ በእኛ ደጋዎች ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው። እነርሱ በሲርየስ መውጣት ያውቁት የነበረው የእኛን ክረምት መግባት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ሳንነግር መቅረታችን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በየካቲት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው፣ ሲርየስን ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ ደግሞ በድምቀት ሁለተኛ የሆነውን ካኖፐስን ያያል። የሁለቱ ድምቀት ምንጭ ግን እጅግ የተለያየ ነው። ሲርየስ የደመቀልን ጎረቤታችን ስለሆነ ነው፤ ርቀቱ 8.6 የብርሃን ዓመት (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) በመሆኑ፣ ዛሬ የምናየው ብርሃን ከኮከቡ ሲነሣ የተወለደ ሕፃን አሁን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማራል። ካኖፐስ ግን ከፀሐያችን ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ የሚያበራ ግዙፍ ኮከብ ሲሆን፣ ርቀቱ 310 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ማታ ዓይናችን የሚቀበለው ብርሃኑ ጉዞውን የጀመረው ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ነው።

በድምቀት ሦስተኛው አልፋ ሴንታውሪ፣ ዝናቡ ከመጠናከሩ በፊት በግንቦት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ የደቡብ መስቀል ከተባለው የከዋክብት ስብስብ በስተግራ ዝቅ ብሎ ይታያል። በዋሽንግተን ወይም በሮም የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን እርሱንም ሆነ ካኖፐስን ዓመቱን ሙሉ ቢጠብቁ ሊያዩ አይችሉም፤ ከሚኖሩበት ኬክሮስ ሁለቱም ከአድማስ በላይ አይወጡምና። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን፣ ከሁሉ ደማቅ የሆኑትን ሃያ ከዋክብት በየወቅታቸው ሁሉንም እናያለን። ይህን ያህል ሀብት ከራሳችን በላይ ተዘርግቶ ሳለ ስማቸውን እንኳ አለማወቃችን የሚያስቆጭ ነው።

ወርኃዊ ዓምድ ቢኖር ምን ይጠቅም እንደነበር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2012 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ኮከብ ቤተልጁስ፣ ከራሱ የወጣ አቧራ ብርሃኑን በመጋረዱ፣ ያለ መሣሪያ በሚለይ መጠን ደበዘዘ። የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በየምሽቱ ሲከታተሉት፣ ከእኛ መካከል ቀና ብሎ የተመለከተው ጥቂት ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንድን ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውንም ፕላኔት «አቦል» ብሎ ሰይሟል፤ ስሞቹን ያወጣነው እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። ቡና በባዶ ዓይን የማይታይ ደብዛዛ ኮከብ ቢሆንም፣ ስሙን ሲሰማ የማይደሰት ተማሪ አላጋጠመኝም።

ለኮከብ ቆጠራ ቦታ የሚሰጡ ጋዜጦች አሉ፤ ለከዋክብቱ ለራሳቸው በወር ሩብ ገጽ ቢሰጥ የሚበዛ አይመስለኝም። የሚያስፈልገውም፣ በዚያ ወር ምሽት ላይ የሚታዩት ደማቅ ከዋክብት የትኞቹ እንደሆኑ፣ በስንት ሰዓትና በየት አቅጣጫ እንደሚገኙ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕልና አጭር ማብራሪያ ብቻ ነው። የሚያዘጋጀው ሰው ካላገኛችሁ፣ እኔ ያለ ክፍያ በየወሩ ጽፌ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የፊዚክስ መምህር
አዲስ አበባ