ሦስት ዓመት ምን እየበላሁ?

ይድረስ ለምወድሽ ለራሔል፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ ሐረር ደህና ነን፣ ተመስገን። ስልክሽ ከተቀየረ ወዲህ ተጠፋፋን እኮ! አዲሱን አድራሻሽን በቀደም ድሬ ወርጄ ከእህትሽ ተቀበልኩ። ዝምታው ይብቃን አቦ፣ ወሬዬ ብዙ ነው።

አሁን አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ የኦርጋኒክ ነገር ነው፤ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ተባይ መድኃኒት ማምረት ማለት ነው። አንቺ ጀርመን ሱቅ ገብተሽ «ባዮ»፣ ማለትም ኦርጋኒክ፣ የሚል ቡና ታነሻለሽ። ጣጣው ግን ያለው እዚህ እኛ ጋ ነው።

የሐረርጌን ቡና ታውቂዋለሽ፤ ከነልባሱ ፀሐይ ላይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ብዙው ገበሬ ለቡናው ፍግ እንጂ ዩሪያ አያደርግም። ችግሩ ጫቱ ነው። እዚያው ከቡናው ጎን ይበቅላል፤ ተባይ ሲገባበት መድኃኒት ይረጫል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ማሳቸውን አሳዩኝ። ፍግ፣ የማሽላ አገዳና አመድ ደራርበው የቀበሩትን ኮምፖስት ቆፍረው በእጃቸው ዘገኑና አፍንጫዬ ሥር አቀረቡልኝ። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት። ቀና ስል የጎረቤታቸው ጫት አለ። በመሃል ያለው አንድ እርከን ብቻ ነው። ነፋስ ከተነሳ እዚያ የተረጨው እሳቸው ቡና ላይ ያርፋል።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ምርቱ «ኦርጋኒክ» ከመባሉ በፊት እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 3 ዓመት፣ ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ይጠይቃል። በዚህ መሃል ገበሬው መድኃኒቱን ይተዋል፣ በጉልበቱ ያርማል፣ ምርቱም ሊቀንስበት ይችላል። ዋጋው ግን ያው የተራ ቡና ዋጋ ነው፤ ገና «ኦርጋኒክ» ብሎ መሸጥ አይችልማ! ሽማግሌው «ሦስት ዓመት ምን እየበላሁ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መንግሥት መግባት ያለበት እዚህች ጋ ነው ባይ ነኝ። አዋጅ እንደሆነ አለን፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ግን በአዋጅ ጎተራ አይሞላም። ከውጭ ለሚገባው ማዳበሪያ ድጎማ ተመድቧል፤ እሰየው። ታዲያ ፍግ ተሸክሞ ለሚለፋው፣ ለሦስት ዓመት ብቻ፣ ትንሽ ቢቆረጥለት ምናለበት? አንቺ ያለሽበት አገር ወደ ኦርጋኒክ ለሚሸጋገር ገበሬ በሄክታር እየታሰበ ይከፈለዋል።

«ከዛሬ ጀምሮ ተዉ» ተብሎ በትእዛዝ እንዲመጣ ደግሞ ፈጽሞ አልፈልግም። ሲሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከለከለች። የሩዝ ምርቷ አሽቆለቆለ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ክልከላውን ማንሳት ጀመረች። ዕዳው የወደቀው ገበሬው ላይ ነው። ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ማኅበራችን ለወረዳው ደብዳቤ እያዘጋጀ ነው። ቡናው ኦርጋኒክ መሆኑ ተመርምሮ ለሚሰጠው ማረጋገጫ የሚከፈለው እንዲደጎም እንጠይቃለን፤ ግማሽ ሄክታር ለሌለው ሰው አይቀመስም። የአውሮፓው ደንብ ትንንሽ ገበሬዎች በቡድን እንዲመዘገቡ ስለሚፈቅድ እሱንም እንሞክራለን። የልማት ሠራተኞቹም ስለ ዩሪያ የሚያስተምሩትን ያህል ኮምፖስት ያስተምሩ። ከሁሉ በላይ ግን ባለጫቱ ጎረቤት አብሮ ይታቀፍ፣ ለእሱም ድጋፉ ይድረሰው። አለዚያ የሽማግሌውን ልፋት ውሃ በላው።

እባክሽ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እዚያ በመሸጋገሪያ ላይ ያለ ገበሬ ብታገኚ፣ ድጎማው የሚከፈለው በየዓመቱ ነው? ምን ምን ወረቀት ያቀርባል? ማሳውን መጥቶ የሚያየው ማነው? ለደብዳቤያችን ይጠቅመናል፤ ስለዚህ ቶሎ ጻፊልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ ሰናይት
ሐረር