24 ቮልት ለሁሉም አውሮፕላን ነው እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰው በቤቱ ስለሚሠራቸው አውሮፕላኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ጸሐፊው ለአውሮፕላን የኤሌክትሪክ መስመር ከ12 ቮልት ይልቅ 24 ቮልት ሁሌም ይሻላል ብለው ደምድመዋል። እኔ አሁን ሁለት ሰው የሚይዝ የፋይበርግላስ አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። ሽቦውን የምዘረጋውም ራሴ ስለሆንኩ ጉዳዩ ያገባኛል።

24 ቮልት ጥቅም የለውም አልልም። ዋት ማለት ቮልት በአምፒር ሲባዛ ነው። ቮልቱ እጥፍ ከሆነ፣ ለዚያው ሥራ የሚያስፈልገው አምፒር በግማሽ ይቀንሳል። በዚያው ሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ደግሞ ሩብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ይበቃል፤ ክብደትም ይቀንሳል።

ግን የትኛው ሽቦ ነው የሚቀጥነው? ወረቀት ይዤ የእያንዳንዱን ዕቃ ፍጆታ ደመርኩ። ትልቁ የፒቶ ቱቦ (የአየር ፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያው ነው፤ 100 ዋት። በባለ 12 ቮልቱ መስመር አልተርኔተሩ (በሞተሩ የሚዞረው ኤሌክትሪክ አመንጪ) 14 ቮልት ሲሰጥ ማሞቂያው 7 አምፒር ገደማ ይወስዳል፤ በባለ 24ቱ፣ ማለትም በ28 ቮልት ቢሆን 3.5። መብራቶቹ ኤልኢዲ ናቸው፤ የሚወስዱት ትንሽ ነው። ለነዚህ የሚሄደው ሽቦ ድሮም ቀጭን ነው። ከዚያ በታች ላቅጥነው ብል ደግሞ በሞተሩ ንዝረት ይበጠሳል።

ነገሩ ያለው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ነው። 200 አምፒር ይስባል እንበል። ባትሪው ከሞተሩ 4 ሜትር ቢርቅ፣ 35 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ላይ 0.4 ቮልት ይጠፋል። የብረት አካል ያለው አውሮፕላን ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በአካሉ በኩል ነው። ፋይበርግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ለመመለሻው ሌላ ገመድ ይጨመራል። ኪሳራውም 0.8 ቮልት ይገባል፤ ክብደቱም እጥፍ ነው። ባትሪውን ሞተሩ አጠገብ ማድረግ ከተቻለ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ለክብደት ሚዛን ሲባል የግድ ጅራት ውስጥ መግባት ካለበት ግን፣ ያኔ 24 ቮልትን ማሰብ ተገቢ ነው። በረዶ ማቅለጫ ወይም አየር ማቀዝቀዣ ለሚገጥምም እንደዚሁ።

ሌላው ባትሪው ነው። ባለ 12 ቮልቱ የሊድ ባትሪ 6 ሴል አለው፤ ባለ 24ቱ 12። አንዷ ሴል ከሞተች ባትሪው ያው አለቀለት፤ ሴል ሲበዛ ደግሞ አንዷ የመሞቷ ዕድል ይበዛል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ራዲዮዎችና ስክሪኖች ሁለቱንም ቮልት ይቀበላሉ፤ ሬሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና የነዳጅ ፓምፕ ግን አይቀበሉም። በቮልት መቀነሻ እንፍታው ከተባለም ሊበላሽ የሚችል አንድ ዕቃ ተጨመረ ማለት ነው። ሮታክስ 912 የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ለሚገጥም ደግሞ ምርጫው ከወዲሁ አልቋል፤ አብሮት የሚመጣው ጄነሬተር ለ12 ቮልት የተሠራ ነው።

ለእኔ አውሮፕላን 12 ቮልት መርጫለሁ፤ ባትሪዬም ከፊት ይገባል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የራሳቸውን የፍጆታ ሠንጠረዥ ቢያወጡልንና የባትሪያቸውን ቦታ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ