የተነነውን በጨው ውሃ አትሙሉት!

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ የባህር ውሃ አኳሪየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን መሃል ላይ "ውሃው ሲተን በተዘጋጀ የጨው ውሃ ሙሉት" የምትለዋ ጋ ስደርስ ኧረ በህግ አምላክ ብዬ ጋዜጣውን አስቀመጥኩት።

እኔ የመጀመሪያ ታንኬን ልጨርሰው የደረስኩት በዚህችው ምክር ነው። የሚተነው እኮ ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው የትም አይሄድም፣ እዛው ቁጭ ነው የሚለው። 100 ሊትር ታንክ አላችሁ እንበል፣ ጨዉ በሊትር 35 ግራም (ኮራል ለሚባለው የባህር እንስሳ የሚስማማው እሱ አካባቢ ነው)፣ በቀን 1 ሊትር ይተናል፣ እናንተ ደግሞ በየቀኑ 1 ሊትር የጨው ውሃ ትደፉበታላችሁ፣ በወሩ ከ1 ኪሎ በላይ ትርፍ ጨው ገባ ማለት ነው፣ 35 የነበረው 45 አለፈ። የተነነ ውሃ የሚተካው ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ነው፣ አለቀ። የጨው ውሃ የምታዘጋጁት አሮጌውን ቀድታችሁ ስትቀይሩ ብቻ ነው።

የኔ ታንክ ላይ መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ መንቀሳቀስ ተዉ፣ ቀጥሎ ኮራሎቹ ተኮማትረው ቀሩ፣ አሳዎቹ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይዋኛሉ፣ እኔም መብራቱ ነው ብዬ ሌላ ኤልኢዲ ገዛሁ 😅 ጨዉን አልለካህም እንዳትሉኝ፣ በየሳምንቱ እለካ ነበር፣ ያቺ መርፌ ያላት የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ግን ጨው ተጋግሮባት መርፌዋ ከብዳ ወደታች ስለምትወርድ ሁሌ አሳንሳ ነው የምታነበው። ጓደኛዬ ሪፍራክቶሜትር (ጨዉን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ይዞ መጥቶ ሲለካው 41! ሪፍራክቶሜትሩም ቢሆን ለማስተካከያ ተብሎ በሚሸጠው የ35 ፈሳሽ ካልተስተካከለ ይዋሻል። ጨዉን በአንዴ ላውርደው ቢባል የተረፉትንም ይገድላል፣ ስለዚህ በቀን 2 ሊትር እየቀዳሁ በንጹህ ውሃ እየተካሁ ስምንት ቀን ገደማ ፈጀብኝ።

ንጹህ ስል ደግሞ የቧንቧ ማለቴ አይደለም። ቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን አለ፣ ፎስፌት ሊኖር ይችላል፣ ከሁሉ የሚብሰው ኮፐር (መዳብ) ነው፣ ለእኛ ምንም የማይለን መጠን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። አርኦ ዲአይ የሚባለው፣ እነዚህን ሁሉ ከውሃው የሚያስቀረው ማጣሪያ ከመብራቱም ከአሳውም በፊት መገዛት ያለበት ለዚህ ነው፣ እናንተ ግን ስሙንም አላነሳችሁት። በእጅ መሙላት የሰለቸው ሰው አውቶ ቶፕ ኦፍ (የተነነውን በሴንሰርና በፓምፕ ራሱ የሚሞላ መሣሪያ) ይግጠም፣ ግን የመጠባበቂያ ውሃው ባልዲ ትንሽ ይሁን፣ ቀንድ አውጣ ሴንሰሩ ላይ ወጥታ ተጣብቃ ፓምፑ አላቆም ያለበት ቀን ነበረኝ፣ ባልዲው ትልቅ ቢሆን ኖሮ ታንኩ ወንዝ ውሃ ሆኖ ነበር የማገኘው።

ስለ መብራት ቀለም ግማሽ ገጽ ጽፋችኋል፣ ጥሩ፣ ያምራል። ስለ ሂተር፣ ስለ ውሃ ማሞቂያው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር። ሂተር ሲበላሽ ጠፍቶ ቢቀር ጊዜ ይሰጣል፣ በርቶ ከቀረ ግን ኮራል ይቀቅላል፣ 25 ወይ 26 ዲግሪ የለመደ ኮራል 30 ውስጥ ከቆየ ቀለሙ ይነጣል፣ ስለዚህ በአንድ ትልቅ ፈንታ ሁለት ትናንሽ፣ ከሂተሩ ውጭ ካለ የሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር። መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ቆሞ ከላይ ያለው ውሃ ወደ ሳምፑ (ከታንኩ ሥር ወደሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ) ይወርዳልና ሳምፑን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ምንጣፌ ምስክሬ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ይኑራችሁ፣ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አሳው ከመራቡ በፊት በኦክስጅን እጥረት ይሞታል።

አሁን ግን ዋናው፣ ከጨዉም የሚብሰው። "ያገለገለ ድንጋይ ቀቅላችሁ አጽዱ" ብላችኋል፣ ከሌላ ታንክ የወጣውን ማለት ነው። አይቀቀልም! ድንጋይ ላይ ከሚበቅሉት ዞአንቲድ ከሚባሉት ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው፣ ሲቀቀል መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ በዚህ ምክንያት ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ያውቃሉ፣ ድንጋዩን የነካው ሰው ብቻ ሳይሆን እዛው ቤት የነበሩትም ጭምር። ቤት ውስጥ በብሩሽ መፈግፈግም ያው ነው። እነዚህ ኮራሎች ያሉበትን ድንጋይ የሚነካ ሰው ጓንትና የዓይን መነጽር ያድርግ።

የጨዉ ጉዳይ ቢቆይ ቢቆይ አሳ ነው የሚገድለው፣ ይሄኛው ግን ሰው ስለሆነ እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ማረሚያውን ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን።

አንባቢያችሁ