ለክንዴ ለደከማችሁ ሁሉ፣ ለማርክ ማርኬዝም ጭምር

በቀኝ ክንዴ ውስጥ ሦስት ዓመት የኖረው ብረት ባለፈው ሳምንት ወጣ። ሐኪሟ በላስቲክ ጠቅልለው በእጄ ሰጡኝ፤ ስንዝር የማይሞላ ዝርግ ብረትና ዘጠኝ ብሎኖች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ይህን እጽፋለሁ። የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው።

ምስጋናዬ ለብዙ ሰው ነው። ከእነርሱ አንዱን በአካል አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። ማርክ ማርኬዝ ይባላል፤ የሞተር ብስክሌት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ነው። ከእናንተ ጋር አንድ ላይ የማመሰግነው ለምን እንደሆነ እንድትረዱልኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ዓመቱንና ቀኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ2021 መጨረሻ፣ በዝናባማ ምሽት፣ እዚህ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ ወደ ቦርጎ ፓኒጋሌ በሚወስደው መንገድ ምግብ ለማድረስ በስኩተር ስሄድ የአንድ የቆመ መኪና በር ድንገት ተከፈተብኝ። በትከሻዬና በክርኔ መካከል ያለው አጥንት ለሁለት ተሰበረ። በማግስቱ ብረት አስገቡልኝና ሦስት ወር ሙሉ ምንም ነገር እንዳላነሳ አስጠነቀቁኝ። እኔ ግን በስድስተኛው ሳምንት ማታ ማታ ወደምሠራበት ወጥ ቤት ተመለስኩ። አሠሪዬ «ካልመጣህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብሎኝ ነበር። የቤት ኪራይ አለ፤ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ። በአራተኛው ቀን ውኃ የሞላ ትልቅ ድስት ሳነሳ ክንዴ ውስጥ «ቀጭ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ብረቱ ጎብጦ ነበር። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ አጥንቱ ግን አልገጥም አለ። ወር እየቆጠርኩ ራጅ ስነሳ ያቺ ጥቁር መስመር እዚያው ነበረች።

እናቴ በስልክ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ዝምታዋ ከተናገረችው በላይ ጎዳኝ።

የቀኝ እጅ ነገር ለእኛ የተለየ ነው። እንጀራ በግራ እጅ አይቆረስም፤ አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ሞክሬው አለቀስኩ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ከዚያን ቀን በኋላ ከሥራ ሳይመጣ እራት አልበላሁም። ለወራት እያጎረሰኝ በላን፤ የጫማዬን ክር አሰረልኝ፤ የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፈልኝ። ወንድሜ፣ አንድም ቀን ፊትህ አልከበደኝም። በአጥሚትና በገንፎ ደጃፌን ያላራቃችሁ እናቶችና እህቶች፣ የሦስት ወር ኪራዬን አዋጥታችሁ የከፈላችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። በ2022 መገባደጃ በሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ከዳሌዬ አጥንት ወስደው ስብራቱ ላይ የተከሉልኝን ሐኪም፣ ሌሊት ሌሊት ትራሴን ያስተካከሉልኝን ነርሶች ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

ማርኬዝን ያሳወቁኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ ቡናቸውን የሚጠጡበት ቢጫ ኩባያ ላይ 46 ቁጥር ተጽፎበታል፤ የጣሊያናዊው የሞተር ተወዳዳሪ የቫለንቲኖ ሮሲ ቁጥር ነው። በዚህ አገር የሮሲ ወዳጅ የሆነ ሰው ማርኬዝን አይወድም፤ በ2015 ሮሲ አሥረኛ ዋንጫውን ያጣው በእሱ ምክንያት ነው ብለው ያምናሉና። እኚህ ሴት ግን በ2022 ሰኔ ላይ ተስፋ ቆርጬ ቀጠሮዬን ልሰርዝ ስል ስልካቸውን አውጥተው ዜና አሳዩኝ። «ይህን ልጅ አልወደውም፤ ክንዱ ግን የአንተ ክንድ ነው» አሉኝ።

እውነትም ያው ክንድ ነበር። ቀኝ፣ ያው አጥንት። በ2020 ሐምሌ 19 በስፔኗ ሄሬዝ በውድድሩ መጀመሪያ ከመንገድ ወጥቶ ወደ 16ኛ ቦታ ወረደ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያለፈ ሦስተኛ ደረሰ፤ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀር ወደቀና የራሱ ሞተር ጎማ ክንዱን ሰበረው። ከሁለት ቀን በኋላ ብረት ገባለት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ! በቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ቀን። አልቻለምና ወረደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ ከባድ የመስታወት በር ሲከፍት ብረቱ ተሰበረ። እሱ በበር፣ እኔ በድስት። ነሐሴ ላይ ሁለተኛው፣ ታኅሣሥ ላይ ስምንት ሰዓት የፈጀው ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ተከተለ፤ አጥንቱ አልገጠመም፣ ቁስሉም አመርቅዞ ነበር። ዜናውን ያነበብኩበት ወር ደግሞ አራተኛው ነበር፤ አጥንቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ተጣሞ ገጥሞ ስለነበር አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ባለው ማዮ ክሊኒክ እንደገና ቆርጠው አዞሩለት።

ማንን እንደማነብ የገባኝ በኋላ ነው። በ1993 በካታሎኒያ፣ ሰርቬራ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ2010 በትንሹ ደረጃ በ125 ሲሲ፣ በ2012 በመካከለኛው በሞቶ 2 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2013 ወደ ዋናው ደረጃ፣ ወደ ሞቶ ጂፒ በገባበት ዓመት በ20 ዓመቱ አሸነፈ፤ በዚያ ዕድሜ ያን ዋንጫ ያነሳ ከእሱ በፊት አልነበረም። በ2014 የመጀመሪያዎቹን 10 ውድድሮች በተከታታይ ወሰዳቸው። እስከ 2019 ድረስ በዋናው ደረጃ ብቻ ስድስት ጊዜ ነገሠ። በኩርባ ላይ ሞተሩን እስከ መሬት አጋድሞ፣ ክርኑ አስፋልቱን እየፋቀ፣ ወደቀ ሲባል በክርኑና በጉልበቱ ገፍቶ የሚነሳ ሰው ነው። ከሚያነሱት ክንዶቹ አንዱ ያ ቀኝ ክንዱ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሄሬዝ ሲጠየቅ የሕይወቱ ትልቁ ስህተት ያን ጊዜ ተቻኩሎ መመለሱ እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። ይህ ለእኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ በላይ ነው። እኔ ስለ ድስቱ ለሐኪሜ ዋሽቼ ነበር፤ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ብዬ። የእሱን ቃል ባነበብኩ ሳምንት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እንግዲህ አሁን መሥራት እንችላለን» አሉ።

ከዚያ በኋላ አብረን ጠበቅን ብል አልዋሸሁም። በ2023 መጨረሻ 11 ዓመት የተወዳደረበትን የሆንዳን ቡድን፣ አንድ ዓመት የቀረውን ውል ትቶ፣ የራሱ የሞተር ፋብሪካ ወደሌለው ትንሹ የግሬሲኒ ቡድን ሄደ። ወንድሙ አሌክስ እዚያ ነበር። የቡድኑ መሥራች ፋውስቶ ግሬሲኒ በ2021 በኮቪድ ያረፉት እዚሁ ቦሎኛ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ባለቤታቸው ናዲያ ፓዶቫኒ ኀዘናቸውን ይዘው ቡድኑን ተረክበው አቆሙት። ሞዴሉ አንድ ዓመት ያለፈበት የዱካቲ ሞተር ሰጡት። በ2024 መስከረም 1 በስፔኗ አራጎን አሸነፈ፤ ካለፈው ድሉ 1,043 ቀን በኋላ። በሳምንቱ ባለሙያዬ ቢጫ ሸሚዛቸውን ለብሰው በመኪናቸው እዚሁ ጣሊያን ወዳለው የሚሳኖ ውድድር ወሰዱኝ። ከ9ኛ ቦታ ተነሥቶ፣ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ፊት ወጥቶ አሸነፈ። ዙሪያችን ያለው ሕዝብ ሲጮህበት እኔ በሁለት እጄ አጨበጨብኩ፤ ቀኙ ከግራው እኩል ከፍ ብሎ ነበር። እኚያ ሴት የተመለከቱት ውድድሩን ሳይሆን ክንዴን ነበር።

በ2025 መስከረም 28፣ የመስቀል ማግስት እሑድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጃፓን ሞቴጊ ተጀመረ። ጓደኛዬን ቀስቅሼው ቡና አፍልተን አየን። ጣሊያናዊው ባኛያ አሸነፈ፤ ማርኬዝ ሁለተኛ ወጣ፤ አምስት ውድድር እየቀረ ዋንጫው የእሱ ሆነ። ዘጠነኛው፣ ካለፈው 2,184 ቀን በኋላ። ከመስመሩ አልፎ ሞተሩን አቁሞ በራስ ቁሩ ውስጥ ሲንሰቀሰቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር ጉርሻ ጠቀለለልኝ፤ እጄ ድኖም።

በሳምንቱ ኢንዶኔዥያ ላይ ሌላ ተወዳዳሪ ገጭቶት እንደገና ቀኝ ትከሻው ተጎዳ። ልቤ ደነገጠ፤ ስብራቱን ሳይሆን ሄሬዝን አስቤ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ አልተቻኮለም። ማድሪድ ገብቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የቀሩትን ውድድሮች ሁሉ ትቶ ቤቱ ተቀመጠ። ማርክ፣ ስለ ዋንጫው እንኳን ደስ አለህ፤ ስለ መቀመጥህ ግን አመሰግንሃለሁ።

እናቴ ሞቶ ጂፒ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ነገሩን ከነገርኳት ጀምሮ ግን እሑድ እሑድ ስደውል መጀመሪያ የእኔን ክንድ ትጠይቃለች፤ ቀጥላም «የዚያስ ልጅ?» ትላለች።