ጫካው ደጃችን ነው፣ ልጆቹን አውጡ

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ስደት ኑሮ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ሥራው፣ ብርዱ፣ ሐዋላው በደንብ ተነግሯል። የዕረፍት ቀኑስ? የምንኖረው ስዊድን ነው፤ እዚህ የማውቃቸው ብዙ ሐበሾች ቅዳሜና እሁድን ሶፋ ላይ ወይ ገበያ ማዕከል ውስጥ ነው የሚገፉት፣ ጫካው ግን ደጃቸው ላይ ነው፣ ያውም በነፃ።

«አሌማንስሬተን» የሚባል መብት አለ። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕገ መንግሥቱም ሰፍሯል። ግቢውን እስካልደፈርክና ሰብሉን እስካልረገጥክ ድረስ በሰው መሬት ላይ እንኳ መሄድ፣ እንጆሪውንና እንጉዳዩን መልቀም፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክለህ ማደር ትችላለህ። ብሉቤሪ ሲደርስ የኛዎቹ ልጆች ባልዲ ይዘው ይገባሉ። ባልዲው መቼም ሞልቶ አያውቅም፣ ግማሹ እዚያው አፋቸው ውስጥ ይቀራል፤ ምላሳቸው ጥቁር ሰማያዊ፣ ጣታቸው ለቀናት የማይለቅ። እንጉዳይ ላይ ግን ቀልድ የለም፣ በእርግጠኝነት የማታውቁትን አትንኩ።

መዥገርም አለ፣ አትናቁት። ስንመለስ የልጆቹን ጆሮ ጀርባ፣ ብብትና የጉልበት እጥፋት እናያለን፤ ከተገኘ በቀጭን መቆንጠጫ ቆዳው ጋ ጠጋ ብሎ መንቀል ነው። መዥገር ለሚያስተላልፈው የአንጎል ብግነት ቫይረስ ክትባት አለ፣ ያ ክትባት ግን መዥገሩ ለሚያመጣው ሌላ በሽታ፣ ባክቴሪያ ለሚያስከትለው ቦረሊያ፣ አይሠራም። እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ቆዳ ላይ ካያችሁ የቦረሊያ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ሂዱ።

እንዲህ ያለውንም አልፎ አልፎ ብትጽፉልን ምን ይመስላችኋል? አዲስ መጪው ማንን ይጠይቅ?

አንባቢያችሁ፣ ከስዊድን