ተማሪው አለቃው የሆነበት ሰው

ልጄ፣

ማክሰኞ ማታ ስትደውል ብዙም ሳልናገር ዘጋሁት። ተናድጄ አይደለም፤ የምልህ ጠፍቶኝ ነው። «ሥራ ያስለመድኩት ልጅ አለቃዬ ሊሆን? አይሆንም» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። ሱቁ የተዘጋብህ ሳያንስ!

ባንክ ቤት 31 ዓመት ስሠራ አንድ ሰው ከሐሳቤ ጠፍቶ አያውቅም። ታካሃሺ ኮሬኪዮ ይባላል፤ የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ሰባተኛ ገዥ ነበር። የእሱን ነገር ልንገርህ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ በጨቅላነቱ ለአንድ ተራ ወታደር ቤተሰብ በማደጎ ተሰጠ። በ13 ዓመቱ እንዲማር አሜሪካ ላኩት። ኦክላንድ ውስጥ ወረቀት አስፈረሙት። የትምህርት ጉዳይ መስሎት ፈረመ። ለካስ የሦስት ዓመት የአገልጋይነት ውል ነው! እንደምንም ተላቆ አገሩ ገባ።

ከዚያ በእንግሊዝኛው እንጀራ በላ። መጠጥም አሳስቶታል፣ አልደብቅህም። ካራትሱ በምትባል ከተማ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዱ ታትሱኖ ኪንጎ ነበር። ይህን ስም ያዝልኝ።

ታካሃሺ አደገ፤ የጃፓን የፓተንት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ግን ትቶት ወጣ። ፔሩ ውስጥ የብር ማዕድን አለ ብለውት ነው። የራሱንም የሰውንም ገንዘብ ይዞ ባሕር ተሻገረ። ቢደርስ ማዕድኑ ቀድሞ ተሟጦ አልቋል። ባዶ እጁን ተመለሰ። ቤቱን ሸጦ ትንሽ ኪራይ ቤት ገባ። አየህ፣ ያንተን ሌሊት እሱም አድሮታል።

በ1892 የጃፓን ባንክ ሥራ ሰጠው። ባንኩ ውስጥ እንዳይመስልህ፤ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገነባበት ግቢ ነው። ዕቃ ግዥ፣ ሒሳብ፣ የሠራተኛ ጉዳይ። የግንባታው መሐንዲስ ማን መሰለህ? ታትሱኖ! ፊደል ያስቆጠረው ልጅ። ታካሃሺ 37 ዓመቱ ነው፤ ካንተ በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጣል። ገባ። አቧራው ውስጥ ቆሞ ድንጋይ ቆጠረ። የድንጋዩ ወጪ ከበጀት ሲያልፍ፣ የላይኛው ፎቅ በጡብ ተሠርቶ ከውጭ ስስ ድንጋይ ይልበስ ብሎ መላ ማምጣቱን ራሱ ተርኮታል። ሥራው በ1896 አለቀ። በ1923 ቶኪዮ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትወድም ጉልላቱ ተቃጠለ እንጂ ግንቡ አልፈረሰም። ዛሬም ኒሆንባሺ ላይ ቆሟል።

ከዚያ ወዲያ ምክትል ገዥ፣ በ1911 ገዥ፣ በ1921 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እኔ ግን የምወደው የ1927ቱን ነው። ሕዝቡ ገንዘቡን ሊያወጣ ባንኮቹን ሲያጨናንቅ፣ የ72 ዓመቱን ሽማግሌ ከጡረታ ጠርተው የገንዘብ ሚኒስትር አደረጉት። የሦስት ሳምንት የክፍያ እፎይታ አሳወጀ። ባንኮቹ ሁለት ቀን ሲዘጉ የ200 የን ኖት በጥድፊያ ታተመ። ጊዜ ስላልነበረ ጀርባው ነጭ ወረቀት ነው! ባንኮቹ ሲከፈቱ ሰው እንዲያየው መስኮቱ ላይ ተከመረ። ሰዉ ተረጋጋ። መስኮት ላይ ቆሜ ስለኖርኩ ያ ክምር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

መጨረሻው ያሳዝናል። የጦሩን በጀት አልጨምርም በማለቱ፣ የካቲት 1936 በረዷማ ንጋት ላይ መኮንኖች መኝታ ቤቱ ገብተው ገደሉት። 81 ዓመቱ ነበር።

እኔም ጋ ያስተማርኳቸው ልጆች አለቆቼ ሆነዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ። በሁለተኛው አንዱ ቡና ይዞልኝ መጣ፤ «ጋሼ» ማለቱንም አልተወም።

መልስ የምትሰጠው ሰኞ ነው ብለኸኛል። ግራጫ ኮትህን ከላውንደሪ አውጥቼዋለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ በል፣ እናትህ ሽሮ ትሠራለች።

አባትህ