አባዬ፣ ስለ ቮልሷ ሚኒሞ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የአዳማ ሙቀት ለጉልበትህ እንደተስማማው እትዬ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው ስልክ ላይ «መብራት ላይ ከጠፋችብሽ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርጊው» ብለኸኝ ነበር፤ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት ማለትህ ነው። ለምን ከፍ እንዳላደረግኩት በስልክ ማስረዳት ስላልሆነልኝ ነው የምጽፍልህ።

ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሃር ስወርድ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ የዲናሞው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ የስሮትሉን፣ ማለትም ነዳጅ ስሰጥ የሚከፈተውን የአየር መግቢያ ክዳን፣ ብሎን አጥብቆ አስጮኻት። መጥፋቷ ቀረ፤ ግን ቤንዚን መሽተት ጀመረች፣ ቁልፉን ከዘጋሁ በኋላም ትንሽ ዞራ ነው የምትቆመው።

አባዬ፣ ምክርህ ለመጀመሪያዋ ቮልስህ ልክ ነበር፤ ያኔ ሚኒሞ የሚስተካከለው በዚያ በስሮትሉ ብሎን ነበር። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ (በፈረንጆቹ) የመጣው የሶሌክስ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ግን በግራ ጎኑ ሁለት ብሎኖች አሉት። ትልቁ ፍጥነቱን፣ ትንሹ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ ይቆጣጠራል። የስሮትሉ ብሎን ሲጠብቅ ስሮትሉ ከቦታው ይከፈትና ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር መዘጋት ያለባቸው ቀዳዳዎች ቤንዚን መስጠት ይጀምራሉ። ቁልፉ ሲዘጋ ቤንዚን የሚቆርጠው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ደግሞ እነዚህን ቀዳዳዎች አይቆጣጠርም። ሽታውም፣ አልጠፋ ማለቷም ከዚያ ነው።

ዋናው ችግር ደግሞ ካርቡሬተሩ ጋ አልነበረም። የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ከሁለቱ ጎን የሚያያይዙት ጎማዎች ተሰነጣጥቀዋል። ሞተሩ እየዞረ ውሃ ስረጭባቸው ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ ሞተሩ ያልተፈለገ አየር የሚስበው በስንጥቁ ነበር። አየር እየገባ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ በሽታውን መሸፈን ነው፤ እኔ ይህን አልቀበልም፣ አንተም መኪናው የሌላ ሰው ቢሆን እንደማትቀበለው አውቃለሁ።

ጎማዎቹን ቀየርኩ፣ የእሳቱን ክፍሎች ማለትም ፑንቲናውንና ካንዴላዎቹን አየሁ፣ የስሮትሉን ብሎንም ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠበው ቾክ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት እስከ ስድስት ኪሎ ነድቼ አሞቅኳትና በትልቁ ብሎን በደቂቃ 850 ዙር ላይ አቆምኳት። ትንሹን ብሎን ደግሞ ሞተሩ ከሁሉ የፈጠነ ዙሩ ላይ እስኪደርስ ቀስ ብዬ አላላሁ፤ ከዚያ ዙሩ በ20 ወይም በ30 እስኪወርድ መልሼ አጠበቅኩ፤ በመጨረሻ እንደገና በትልቁ ወደ 850። ዙር መቁጠሪያ ተውሼ ነው የሠራሁት። አንተ ግን ይህን ሁሉ በጆሮህ ብቻ ታደርገው ነበር፤ ስሠራ ያ ነው ሲደንቀኝ የነበረው።

አሁን ቸርችልን እስከ ታች ስወርድ አንዴም አትጠፋም።

ለፋሲካ ይዣት እመጣለሁ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል አየሩ ወፈር ይላል፤ እዚህ የተስተካከለው ድብልቅ እዚያ ቤንዚኑ ሊያንስበት ይችላል። የአዳማውን ማስተካከያ አንተ ራስህ እንድትሠራው እፈልጋለሁ። ትንሹ ብሎን ሲጠብቅ ጫፉ እንዳይጎዳ መጨረሻው ላይ አታስገድደው። ደግሞ እባክህ ግቢው መሃል እንጂ በሩ በተዘጋው ጋራዥ ውስጥ አናስነሳትም፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ቀጭኑን ካቻቢቴህን ከሳጥኑ ፈልገህ አውጣልኝ፤ የእኔ ለትንሹ ብሎን አይገባም። ለእትዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ልጅህ